ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ከ30 11 አገኘሁ፤ ለታሪክ ኤሴይ ፈተና እንዴት ነው የሚጠናው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ወፍጮ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ታሪክ እማራለሁ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነኝ። እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ የተፈተንኩት የታሪክ ፈተና በአብዛኛው ምርጫ፣ እውነት ሐሰት እና አዛምድ ስለነበር፣ ቀንና ስም በመያዝ ከክፍሌ ልጆች የሚቀድመኝ አልነበረም። ባለፈው ወር ግን በሕይወቴ የመጀመሪያውን የኤሴይ ፈተና ተፈተንኩና ከ30 11 አገኘሁ።

ጥያቄው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ለአድዋ ጦርነት ምን ያህል ምክንያት እንደነበር ገምግሙ የሚል ነበር። በደንብ ያጠናሁት ርእስ ስለነበር ሳየው ደስ አለኝ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመበት ጀመርኩ። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን እንዲሁ ለማድረግ እንደተስማሙ አድርጎ መጻፉን ገለጽኩ። ከዚያም አምባላጌን፣ የመቀሌን ከበባ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን፣ የአራቱንም የኢጣልያ ብርጌድ አዛዦች ስም ሳይቀር አስከትዬ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በኅዳጉ ላይ አራት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «ታዲያ?»። አንደኛው «ታዲያ?» የብርጌድ አዛዦቹን ስም ከደረደርኩበት መስመር ትይዩ ያለ ሲሆን ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የጻፍኩት ነገር ስሕተት የለበትም፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ታዲያ ለታሪክ ኤሴይ የሚጠናው እንዴት ነው? ምን ቢጻፍስ ነው መምህሩ የሚረካው? ፋይናል ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ምላሾቹ

ክሩ፣ ማለትም ይህ የውይይት ሰንሰለት፣ እየረዘመ ሲሄድ አዳዲስ ገቢዎች ከላይ የተመለሰውን ደግመው መጠየቅ ስለጀመሩ፣ የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እንዳሰፍር አንዳንድ አባላት ጠየቁኝ። እነሆ አድርጌዋለሁ። የጠቀመኝን በሰፊው፣ ያልጠቀመኝን በአጭሩ ጽፌያለሁ፤ ያስቀየመኝንም አልደበቅኩም።

ምላሽ 1 ከገላን የመጣ ነው። ጸሐፊው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ በትሕትና ሰላምታ ካቀረበ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አዘዘኝ፤ ወረቀቴን አውጥቼ ጥያቄውን በቀጥታ የሚመልሱትን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ እንዳሰምርባቸው። ማታ ከሥራ ስገባ እንዳለኝ አደረግኩ። በሦስት ገጽ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር አገኘሁ፤ ሁለቱም የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ነበሩ። ወረቀቱን በስልኬ አንሥቼ እዚሁ ለጠፍኩት።

ምላሽ 2 የገጽ ብዛት ነጥብ እንደሚያስገኝ፣ ስለዚህም አምስት ገጽ መጻፍ እንደነበረብኝ መከረኝ። ጸሐፊው በቅንነት እንደመከረኝ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከዚህ ምክር ጋር የተስማማ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ምላሽ 3 የክሩ ምሰሶ ነው። የጻፉት የጠመኔ አቧራ በሚል ስም የሚገቡት፣ ዕድሜያቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ቆይተው በጡረታ አቃቂ የተቀመጡት መምህር ናቸው። መምህር በመጀመሪያ የጥያቄውን ግሥ እንድመለከት አደረጉኝ። ግለጽ ሲባል የሆነውን መናገር ይበቃል፤ አነጻጽር ሲባል ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየነጥቡ ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ገምግም ሲባል፣ ይልቁንም ምን ያህል የሚል ሲጨመርበት፣ የሚፈለገው ሚዛን ይዞ ፍርድ መስጠት ነው። እኔ ፍርድ የተጠየቅኩትን ትረካ እንዳቀረብኩ፣ መምህሬ በኅዳጉ ላይ ያሰፈረው ቃልም ከዚህ የተለየ ትርጉም እንደሌለው አስረዱኝ። ነገሩ ሆነ፤ መሆኑ ለጥያቄው ምን ይፈይዳል ማለቱ ነው።

ከዚያ ሚዛኑን በእጃቸው ይዘው አሳዩኝ። በአንደኛው ወገን፣ የኢጣልያ መስፋፋት ከውሉ የቀደመ መሆኑን አስቀመጡ። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው፤ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣልያን ጦር የመቱት በጥር 1879 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም ሲሆኑ አንቀጽ 17 የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። በሌላው ወገን ደግሞ አንቀጹ ምን እንደጨመረ አሳዩ። ኢጣልያ በዚያ ወረቀት ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር ያለች አገር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች፤ ዐፄ ምኒልክም ለመንግሥታቱ ደብዳቤ በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዝ በኩል የመጣላቸው መልስ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል እንዲሆን የሚል ነበር። እንግዲህ ፍርዱ ይህን ይመስላል፤ የመሬት መስፋፋቱ ያለ አንቀጹም ግጭት ማምጣቱ አይቀርም ነበር፤ አንቀጹ ግን የወሰን ጠብ የነበረውን ነገር የነጻነት ጉዳይ አደረገው፤ ስለዚህም አገሩን በሙሉ ሊያስከትት የሚችል ምክንያት ሆነ። ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያስቀመጠ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ማስረጃ ሁሉ ሥራ ያገኛል አሉ።

ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉንም መረጃ ከመምህር በፊት ዐውቀው ነበር፤ ምጽዋን፣ ዶጋሊን፣ የደብዳቤውንም ነገር ጭምር። ነገር ግን አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቼ ዐላውቅም።

ምላሽ 4 ምስጋና ብቻ ነው። ምላሽ 5 ግን የመምህርን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደው። ጸሐፊው፣ አንቀጽ 17 ያን ያህል ክብደት ካለው፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ጦርነቱ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የዘገየው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ራሱም መለሰ። ያ ዘመን ክፉ ቀን ነበር። በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ በረኀብ አለቀ። በሬ በሌለበት አገር የሚዘምት ሠራዊት ስንቅ ከየት ያገኛል? ዐፄ ምኒልክ ውሉን በይፋ የሰረዙት አገሩ ከረኀቡ ማገገም ሲጀምር፣ በ1885 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ድረስ ጠብመንጃ ሲያከማቹ ነበር፤ ከውሉ ጋር ተያይዞ ከራሷ ከኢጣልያ የተገኘው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ለዚሁ እንደጠቀማቸው ጸሐፊው አመለከተ። በማናቸውም ርእስ ላይ ለምን ሆነ ከማለት ቀጥሎ ለምን ያኔ ሆነ ብሎ መጠየቅ፣ ከክፍል ጓደኞቹ የተሻለ ነጥብ እንዳስገኘለት ነገረን። እኔ በበኩሌ ይህቺ ለምን ያኔ የምትለዋ ጥያቄ ከዚህ ክር ካገኘኋቸው ሁሉ የምትበልጥብኝ ናት፤ አሁን የምበላውን ሽሮ ዋጋ ሲነግሩኝ እንኳ ወደ አእምሮዬ ትመጣለች።

ምላሽ 6 ኮየ ፈጬ ትንሽ ሱቅ ያላት እህታችን የጻፈችው ነው። እርሷም በማታው ክፍል ትማራለች። ደብተር ዘርግታ ለማጥናት ጊዜ ስለሌላት፣ የሱቋን የቆርቆሮ በር በውስጥ በኩል በጠመኔ የዘመን መስመር አድርጋዋለች። ቀን በሩ ሲከፈት ጽሑፉ ከግድግዳው ጋር ስለሚገጣጠም ማንም አያየውም፤ ማታ ስትዘጋው ግን በአምፖሉ ብርሃን ፊት ለፊቷ ይቆማል። ከመስመሩ በላይ የሆነው ነገር፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ ስለዚህ የሚል ቃል ቀድሞት የሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። ስለዚህ የሚል ዐረፍተ ነገር ያላገኘችለትን ክስተት በጨርቅ ታብሰዋለች። ፎቶውን ለጥፋ ነበር፤ በ1881 ዓ.ም. አጠገብ የዐፄ ዮሐንስ በመተማ መሞት ከላይ፣ ከሥሩም ኢጣልያ ዕድሉን ተጠቅማ ወደ ደጋው መውጣቷ ይነበባል። የበሩ መቀርቀሪያ ባለበት ቦታ ላይ ጠመኔው ተፍቆ 1882 ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

ምላሽ 7 የእኔን ስሕተት የለበትም ማለት ያፈረሰ ነው። ጸሐፊው የለጠፍኩትን ወረቀት በጥንቃቄ አንብቦ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የውጫሌን ውል በ1889፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ከድሉ በኋላ የተፈረመውን የአዲስ አበባ የሰላም ውል እንዲሁ በ1889 እንደጻፍኩ አሳየኝ። ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ የፊተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኋለኛው በእኛ ነው። ወረቀቱን የሚያርመው ሰው ግን ጦርነቱን የለኮሰውን ውልና የጨረሰውን ውል በአንድ ዓመት ውስጥ ሲያገኛቸው ምን ይበል? ያጠናሁት በአማርኛ፣ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሲደክመኝ እጄ ወደ ለመደው አቆጣጠር ተመልሷል።

ይኸው ጸሐፊ ሌሎች ሁለት ወጥመዶችንም ጨመረ። 1928 በእኛ አቆጣጠር የፋሺስት ወረራ ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ግን ኢትዮጵያና ኢጣልያ የወዳጅነት ውል የተፈራረሙበት ነው። አምባላጌና አድዋ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1888 ሲሆኑ፣ የኅዳሩ አምባላጌ በአውሮፓ 1895፣ የየካቲቱ አድዋ 1896 ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ዓመት መጨመር እንዳለበት የረሳ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ምክሩ ቀላል ነው፤ ከፈተናው በፊት በአንዱ አቆጣጠር መወሰን፣ በመልሱ ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይም የትኛውን እንደተጠቀሙ መጻፍ።

ከዚህ በኋላ ነው ቋንቋው መክረር የጀመረው። ምላሽ 8 መምህርን ተቃወመ። ፍርድ፣ ሚዛን፣ ክርክር እያሉ ተማሪውን ከሽምደዳ ማራቅ ቅንጦት እንደሆነ፣ ቀንና ስም ያልያዘ ሰው የሚጽፈው ኤሴይ ከቡና ላይ ወሬ እንደማይለይ ተናገረ። አንድ የክፍሉ ልጅ ስለ 1966ቱ አብዮት ያማረ ክርክር ጽፎ፣ አንድም ቀን ስላልጠቀሰበት መውደቁን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ምላሽ 9 ከዚህም አልፎ መምህርን በዕድሜያቸው ነካ፤ የዛሬውን ፈተና አያውቁትም አለ። ይህ ተገቢ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ መልስ ልጽፍ ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት፤ ምክንያቱም መምህር ራሳቸው ዝም ብለው ነበር።

ምላሽ 10 ነገሩን አበረደው፤ ለማስታረቅ ሳይሆን ለመለየት ነው የጻፈው። ሁለቱም ወገኖች ስለ ተለያየ ነገር እንደሚናገሩ አስረዳ። መሸምደድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የሚሸመደደው ነገር የሚመረጠው በጥያቄው ዓይነት ነው። ለምሳሌ እኔን «ታዲያ?» ያስባለኝን የአዛዦች ስም ወሰደ። ጥያቄው የጦርነቱ መንስኤ በሆነበት ወረቀት ላይ አልቤርቶኔና ዳቦርሚዳ ምንም ሥራ የላቸውም። ጥያቄው ኢጣልያ ለምን ተሸነፈች ቢሆን ግን፣ የኢጣልያው ጦር ዋና አዛዥ የባራቲየሪ ብርጌዶች በሌሊት ጉዞ መለያየታቸው፣ አልቤርቶኔ በካርታ ስሕተት ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት መሄዱ፣ ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ አቅጣጫ ማፈንገጡ፣ በዚህም አንድ በአንድ ለመመታት መጋለጣቸው የመልሱ እምብርት ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ርእስ ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ መረጃዎችን መያዝ፣ ከእያንዳንዱም አጠገብ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያገለግል መጻፍ ይበቃል አለ። አንድ መረጃ ተፍቆ ክርክሩ ምንም የማይጎድለው ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም።

ምላሽ 11 ከሌላኛው የጠረጴዛ ወገን መጣ። ጸሐፊው ወጣት መምህር ነው፤ 84 የፈተና ወረቀቶች በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነገረን። ሁሉንም ቃል በቃል ለማንበብ ይነሣል፤ ከአርባኛው ወረቀት በኋላ ግን ዓይኑ የመጀመሪያውን አንቀጽና የየአንቀጹን መክፈቻ መፈለግ ይጀምራል። ኢትዮጵያ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያላት አገር ናት ብሎ የሚጀምር ወረቀት፣ ጥያቄው ስለ ባቡር ሐዲድም ይሁን ስለ ማይጨው፣ ልቡን ያወርደዋል፤ ብዙዎቹም እንደዚያ ይጀምራሉ። መልሱን በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ያስቀመጠ ተማሪ ሲያገኝ ግን ቀና ብሎ እንደሚቀመጥ ጻፈ። እንዲሁም እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያት ብቻ ይዞ እንዲጀምር፣ በመጨረሻውም ወደ ጥያቄው ቃል እንዲመለስ አሳሰበን። ይህን የመሰለ ግልጽነት ከአራሚ መስማት ብርቅ ነው፤ እንዲህ የደከመ ዓይን እንደሚያነብልኝ ባውቅ ኖሮ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮቼን ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ባልቀበርኳቸው ነበር።

ከምላሽ 12 እስከ 14 ያሉት ወደ ጎን የሄዱ ናቸው። አንዱ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ማታ ማጥናት እንደማይቻል አማረረ። ሌላው 4 ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠቆመ። ሦስተኛዋ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ወደ መሐል ከተማ ታክሲ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሰዓት ለአንድ ኤሴይ መለማመጃ እንደሚበቃ መለሰችለት፤ ሰልፍ ላይ ቆማ በስልኳ ማስታወሻ የመግቢያ አንቀጽ ብቻ መጻፍ እንደጀመረችም ጨመረች። ይህን ሞክሬዋለሁ፤ ለመግቢያ አንቀጽ በእርግጥ ይሆናል።

ምላሽ 15 ቁስል ያለበት ነው። ጸሐፊው ለ1966ቱ አብዮት ከከተማው ዐድማ ይልቅ የገበሬው የመሬት ጥያቄ እንደሚከብድ ተከራክሮ ጽፎ ነበር፤ መምህሩ ግን በሃንድአውቱ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ስላልጠበቀ ነጥብ እንደቀነሰበት ተናገረ። ስለዚህ ይህ ሁሉ የፍርድና የሚዛን ምክር ሃንድአውቱን እንዲመልሱለት ብቻ የሚፈልግ መምህር ላለበት ተማሪ ምን ይጠቅመዋል ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 16 በጭካኔ መለሰለት፤ ስንፍናውን በመምህሩ ላይ እያላከከ እንደሆነ ነገረው፤ ወረቀቱን ሳያይ ነው ይህን ያለው። ምላሽ 17 ላይ መምህር ከዝምታቸው ተመለሱ። ምላሽ 16ን ገሠጹ፤ ሳይሰሙ መፍረድ ለታሪክ ተማሪ የተከለከለ ነው አሉ። ለባለ ጉዳዩም፣ እንዲህ ያለ መምህር መኖሩን እንደማይክዱ ገልጸው አንድ መንገድ አመለከቱት፤ በሃንድአውቱ ላይ ያለውን አቋም አስቀድሞ፣ ባለቤቱ ቢያነበው እንኳ አልተዛባብኝም በሚልበት ልክ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የትኛው ማስረጃ እንደማይሸፍነው ማሳየት። እንዲህ የተጻፈ መልስ ዝቅ ቢደረግበት እንኳ፣ ወረቀቱ ዳግም እንዲታይለት ሲያመለክት የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። እኔ ግን ከባለ ጉዳዩ ጋር ነኝ። ተማሪ እንዲያስብ የሚያዝዝ ጥያቄ አውጥቶ ስላሰበ የሚቀጣ መምህር፣ ከአንድ ወረቀት የበለጠ ነገር ያበላሻል።

ምላሽ 18 የጻፉት አንድ ጋሼ ናቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ተጨምሮ ባለ ታክሲዎች ሲያድሙ አባታቸው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መኪናውን አቁመው በእግራቸው አቃቂ ድረስ መግባታቸውን፣ እግራቸውንም በሞቀ ውኃ ሲነክሩ ልጅ ሆነው ማየታቸውን አስታወሱ። ምላሽ 19 ይህ ትዝታ እንጂ ለፈተና የሚሆን ማስረጃ አይደለም ብሎ በአጭሩ ቆረጣቸው። ጋሼ ግን አልተቆጡም። በምላሽ 20 ትዝታው ምን እንዳስተማራቸው ገለጹ። አባታቸው ስለ ቤንዚን ይናገሩ ነበር እንጂ ስለ መሬት ተናግረው አያውቁም፤ አያታቸው ግን ጭሰኛ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከመሬት በስተቀር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በአንድ ቤት ውስጥ የቅርቡና የሩቁ ምክንያት ሁለት ሰው ሆነው ተቀምጠው ነበር አሉ። የታክሲው ዐድማ፣ የመምህራኑ ዐድማ፣ የነገሌ ቦረናው ወታደር አመፅ የቅርቡ ነው፤ የመሬት ሥሪቱ የሩቁ ነው፤ የወሎ ረኀብ ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል፤ ለረኀብ ያጋለጠው የሩቁ ነው፣ መንግሥት መደበቁ ሲታወቅ የተነሣው ቁጣ ግን የቅርቡ ሆነ። ምላሽ 19ን የጻፈው ሰው ተመልሶ ይቅርታ ባይጠይቅም፣ የጋሼን ጽሑፍ እንደወደደው ምልክት አድርጎበታል።

ምላሽ 21 ስለ ቋንቋ ነው። ዕቅዱን በአማርኛ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ የምትጽፍ እህት፣ ሐሳቡ በአማርኛ ካልጠራ በእንግሊዝኛ እንደማይጠራ፣ እንግሊዝኛው ያልበረታ ሰውም አጫጭር ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ እንደማያፍርበት መከረች። ስለዚህም፣ ነገር ግን፣ ከዚህ የተነሣ የሚሉትን የመሳሰሉ ዐሥር ያህል ማያያዣዎችን በእንግሊዝኛ አጥርቶ መያዝ፣ መቶ የከበዱ ቃላትን ከመሸምደድ እንደሚበልጥም አክላለች።

ምላሽ 22 ያለቀላቸው ኤሴዮችን በብር እሸጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ስለነበር አስተባባሪዎቹ አነሡት። ቁጥሩ ባዶውን ቀርቷል።

ምላሽ 23 ስለ ሰዓት አጠቃቀም ነው። ሁለት ሰዓት ለሦስት ጥያቄ ከተሰጠ፣ ለእያንዳንዱ 40 ደቂቃ ይደርሳል፤ ከዚህም አምስቱ ለዕቅድ፣ ሦስቱ መልሶ ለማንበብ። በሚያውቁት ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ፈጅቶ ሦስተኛውን ባዶ መተው ከሁሉ የከፋ ኪሳራ መሆኑን ጸሐፊው ከራሱ ደርሶበት ነው የነገረን። ይህ ሁሉ ደግሞ በማንበብ አይለመድም፤ ስልክ ላይ ሰዓት ሞልቶ፣ ደብተር ዘግቶ፣ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለፈተና ስዘጋጅ በእስክሪብቶ የምሠራው ከመስመር ሥር ማስመር ብቻ ነበር።

ምላሽ 24 የእኔው ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ስለነበር፣ ገንዘብ የምቀበልባት መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ ጥያቄ በ40 ደቂቃ እንደገና ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ወጣ። ፍርዱን ከላይ አስቀመጥኩ፤ ምጽዋንና ዶጋሊን በአንድ አንቀጽ፣ አንቀጽ 17ንና የአውሮፓ መንግሥታትን መልስ በሁለተኛው፣ ክፉ ቀንንና የጦርነቱን መዘግየት በሦስተኛው ጻፍኩ። የብርጌድ አዛዦቹን አንዳቸውንም አልጠራሁም። በመጀመሪያው መስመር ላይ ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ገለጽኩ። ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩት።

ምላሽ 25 ላይ ባለ ሱቋ እህታችን ሦስተኛውን አንቀጽ ለበሯ እንደወሰደችው፣ ለዚህም ስትል ከ1880 እስከ 1884 ባለው ቦታ ላይ ሌላ ነገር እንዳበሰች ጻፈች።

ምላሽ 26 የመምህር ነው፤ እስከ ዛሬ የመጨረሻው ይኸው ነው። ወረቀቱን አንቀጽ በአንቀጽ አይተውታል። መግቢያውን አልነኩትም። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ አንቀጹ የነጻነት ጉዳይ መሆኑን ተናግሬ ለማን እንደሆነ አለመናገሬን አመለከቱ፤ ለቤተ መንግሥቱ ብቻ ነበር ወይስ በ1888 መስከረም ክተት ሲታወጅ ለተከተለው ለየጠቅላይ ግዛቱ መኳንንትና ገበሬም ጭምር? በዚያ ዐረፍተ ነገር ትይዩ፣ በስልካቸው ፎቶው ላይ በቀይ ጽፈው የመለሱልኝ ያንኑ የማውቀውን ቃል ነው። ሐሙስ ማታ እንደገና ጽፌ እለጥፈዋለሁ።